የማስተዋል ጃኬትና የእኔ ሙያ

ሰው «ይህን ለእኔ ተዉልኝ፤ እጄ የለመደው ነው» ሲላችሁ አትተዉለት። እንዲህ የምለው ማንንም ለማማት አይደለም። ያች ሰው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ቆዳ ግን ከወተት ጥርሴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዲማ አጠገብ በነበረው ቤታችን የፍየሉን ቆዳ ስልቻ፣ የበጉን አጎዛ እያደረገ ሲያወጣው፣ ከጎኑ ሆኜ ቆዳ ስረግጥ ነው ያደግሁት። ተረከዜ እንዲህ የሰፋው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ የልጅ ልጄ ማስተዋል የሞተር ልብሷን አደራ ስትለኝ ልቤ ምን ያህል እንደተነፋ እናንተው ገምቱት።

ማስተዋል የከብት ሐኪም ናት። ደብረ ማርቆስ ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት ሰፈር እኔና እሷ ብቻ እንኖራለን። መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሰጥቷታል። በሞተሩ ስትወጣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቆዳ ነው የምትለብሰው፤ ጃኬቱም ቆዳ፣ ሱሪውም ቆዳ፣ ጓንቱም ቆዳ። ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ባልደረባዋ ትቶላት የሄደው ነው። «ይሄ ልብስ ብወድቅ ገላዬ እንዳይላጥ ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ባትወድቂስ? ከነጭራሹ ባትወጪበትስ?» እላታለሁ።

እውነቱን አልደብቃችሁም፤ ሞተሩን አልወደውም ነበር። ገና ግቢያችን የገባ ዕለት እንደ እንግዳ በሬ ነው ያየሁት፤ ቀንድ አለው፣ ያጓራል፣ ሣር ግን አይበላም። ሣር የማይበላ ነገር ደግሞ ምን እንደሚበላ አይታወቅም። ጧት ጧት ስታስነሳው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ የቀረኝ የለም። አንድ እንቁላል ብቻ ያላት ዶሮ እንዴት አድርጋ እንደምትታቀፍ አይታችኋል? እኔ እንደዚያ ነኝ።

ይህን ካወቃችሁ ወደ ጭቃው እንሂድ።

ነሐሴ ነው። አንድ እሑድ ማስተዋል ከገጠር ስትመለስ ከዓይኗ በቀር ሰው መሆኗ አይታወቅም። ጭቃው ከጫማዋ ተነሥቶ አንገቷ ድረስ ወጥቷል።

«ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። ትንሽ ተኛሁ።»

«የት?»

«ጭቃው ላይ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ ላዞር ስል ግድግዳው ራቀብኝ፤ ደጅ ነበርንና።

በማግስቱ ሰኞ ለሥልጠና ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ የከብት ክትባት ዘመቻ ይጀመራል። ስለዚህ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማ አዘዘችኝ፦ «እምዬ፣ ልብሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጊልኝ። ውሃ ውስጥ አትክተችው። ከዚያ ጥላ ውስጥ ስቀይው፤ እሳትም ፀሐይም አይየው። ሰኞ ያለሱ አልወጣም። ሌላ ምንም አትሥሪ።»

«ሌላ ምን እሠራለሁ?»

«አንቺ? አንቺማ ታበዢዋለሽ።»

በዚያ ተቀየምኋት። ተቀይሜ ታዲያ ምን አደረግሁ? አበዛሁት።

መጀመሪያ እንዳለችኝ በጨርቅ ነበር የጀመርሁ። በቅን ልቤ። ግን ጭቃው በስፌቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ጨርቁ ሲያልፍ ዝቅ ይላል፣ ሲሄድ ቀና ይላል። ዚፑን ከፍቼ ውስጡን ባየው ደግሞ ገበሩ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ ነው፤ ሽታውን ግን ለጠላቴም አልመኘውም። «እርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛ ይጥረግ» አልሁና ትልቁን ሳፋ አወጣሁ። እንዶድ ወቀጥሁ። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ገባሁበት። ጃኬቱን ረገጥሁት፣ ሱሪውን ረገጥሁት፣ ጓንቶቹንም አልማርኋቸው። አረፋው ጉልበቴ ሲደርስ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ቢያየኝ እየጨፈርሁ መስሎት ያጨበጭብልኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሳፋው ሳወጣው ነው። ለካ ገበሩ ውሃውን ጠጥቶታል። ያውም ጠጥቶ ሰክሯል። ጃኬቱን ለማንሣት ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሁለቱን ጊዜ እሱ ጣለኝ። እርጥብ ጥጃ ከገደል ያወጣችሁ ሰዎች ትረዱኛላችሁ። ብጨምቀው ከአንዱ እጅጌ የወጣው ውሃ ወደ ሌላው ይገባል እንጂ አያልቅም።

ፀሐይ የለም፤ ደመናው ጣሪያችን ላይ ተኝቷል። እሳት ደግሞ ክልክል ነው። በዚህ ነገር ማስተዋልና አባቴ ይስማማሉ፤ እሳት ያየ ቆዳ እንደ ቂመኛ ሰው ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም። ታዲያ አባቴ በክረምት ምን ያደርግ ነበር? ስልቻውን በደረቅ ገለባ ጥቅጥቅ አድርጎ ሞልቶ ይሰቅለዋል። ገለባው ውሃውን ይጠጣል፣ ስልቻውም ቅርጹን ይይዛል። ይሄን ሳስታውስ ሳቅሁ። ይሄው ሙያ! ይሄው ሳይማሩ ማወቅ!

ገለባ ግን ከየት ይምጣ? የከብት ሐኪም ቤት ከመሆኑ በቀር አንዲት ጥጃ እንኳ የለንም። ያለኝ ለማኅበር ጠላ ብዬ ያስቀመጥሁት ገብስ ነው። ትንሽ አሰብሁ። ገለባ ማለት የገብስ ልብስ አይደለም? ልብሱ የጠጣውን ባለቤቱ ለምን ያቅተዋል? እንዲህ ያለ ክርክር ለብቻችሁ ስትከራከሩ ሁልጊዜ ትረታላችሁ፤ እኔም ረታሁ።

የጃኬቱን እጅጌ ጫፍ በገመድ አሰርሁ፤ ገብሱን በእፍኝ በእፍኝ ሞላሁት፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋሁት። የሱሪውን እግር እንዲሁ። ለጓንቱ ገብሱ ደቃቅ ሆነብኝና በየጣቱ ሽምብራ ጠቀጠቅሁበት። ከዚያ ሁሉንም ማጀት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጌ፣ ሙቀቱ ብቻ በሚደርስበት ወጋግራ ላይ ሰቀልሁት። ቆሜ አየሁት። እጄን በወገቤ አድርጌ ነበር ያየሁት፤ ሰው እጁን በወገቡ አድርጎ የሚያየው ነገር መጨረሻው አያምርም።

ማክሰኞ እጄን ሰድጄ ብዳስሰው ገብሱ ረጥቧል። «እሰይ! እየጠጣው ነው» አልሁ። ረቡዕ ጃኬቱ ወፈረ። ደረቱ ተነፋ፣ ክንዱ ጠበደለ። ቆዳው ወደ ልቡናው እየተመለሰ መሰለኝ። ሐሙስ ደግሞ ሞቀ። አዎ፣ ሞቀ! ቀኑ ብርድ ስለነበር እጆቼን በብብቱ ከትቼ ስሞቅ ዋልሁ። «እውነትም የፈረንጅ ቆዳ» አልሁ።

የዚያን ዕለት ማስተዋል ደወለች።

«እምዬ፣ ልብሱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። እየሞቀ ነው።»

«ምን? እሳት አጠገብ አደረግሽው እንዴ?»

«ኧረ እሳት አላየም። በራሱ ነው የሚሞቀው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አራገፍሁት።

«እምዬ፣ ልብስ በራሱ አይሞቅም።»

«የሌላው አይሞቅ ይሆናል። የእኔ ይሞቃል።»

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ብቅል ያበቀልሁ ሴት ነኝ። ገብስ ርሶ፣ ታፍኖ፣ በሦስተኛው ቀን ሲሞቅ ምን እየሆነ እንደሆነ በእንቅልፍ ልቤ አውቃለሁ። ግን ብቅል በኮባ ቅጠል ነው እንጂ በጃኬት ሲታፈን አይቼ አላውቅማ! ዕውቀት እንዲህ ናት፤ ልብስ ቀይራ ስትመጣ አንለያትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ ዘነቡ መጣች። ዘነቡ የዕድሜ እኩያዬ ናት፤ አፍንጫዋ ግን ከሁለታችንም ይበልጣል። በሩን እንዳለፈች ቆመች፤ አሸተተች።

«ብቅል አስቀምጠሻል እንዴ እቴ?»

«ኧረ የለም። ገብሱንም ለዚህ ልብስ...» ብዬ ወደ ላይ ጠቆምሁ። ጣቴ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

እኔ አየኋት፤ እሷ ጃኬቱን አየችው። ሁለታችንም ወጋግራው ላይ ተንጠራርተን አወረድነው። ዚፑ እምቢ አለ፤ ውስጡ ጠግቧል። ዘነቡ እጅጌውን ይዛ፣ እኔ ዚፑን ይዤ ስንጎትት፣ ጠር! አለና ተከፈተ። ማየት ነው! ገብሱ ነጭ ሥሩን አንዠርግጎ፣ ተቆላልፎ፣ እንደ ጸጉራም በግ ተነፋፍቶ ወጣ። ሥሩ ገበሩን በስቶ ገብቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ብቅል ሳበቅል እንዲህ የሰመረልኝ የለም። ጓንቱን ብናየው ሽምብራው አብጦ በቆልት ሆኗል፤ እያንዳንዱ ጣት እንደ ሀብታም ጣት ወፍሮ ቀጥ ብሏል፣ ወደ ውጪም አይል ወደ ውስጥም አይል።

ዘነቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቅ ነው ያስቀመጣት። «ጃኬት ጠመቅሽ! በሃይማኖት፣ ጃኬት ጠመቅሽ!» እኔ አልሳቅሁም። ገበሩን ስጎትተው ቦጨቅ አለ። ለሰኞ አይደርስም። ማስተዋል ያለሱ አልወጣም ብላለች።

ይሄኔ ዘነቡ እንባዋን ጠረገችና፣ በዚያ ለሰፈሩ በሚበቃ ድምጿ፣ «ታዲያ ምን ያስተክዝሻል? ስለትሽ ሰመረልሽ እኮ! ሞተሩ ቀረ! ለጊዮርጊስ ጥላውን አስገቢ!» አለች።

በሩ ላይ ማስተዋል ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማለች።

ስለቱን አልነገርኋችሁም፤ አፍሬ ነው። ሞተሩ የመጣ ሰሞን ጊዮርጊስ ደጅ ሄጄ «ይህችን ልጅ ከዚህ ብረት አውርድልኝ፤ ጥሩ የሐር ጥላ አስገባልሃለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ለዘነቡ ብቻ ነው የነገርሁት። ለዘነቡ ብቻ መንገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰፈራችን ያውቃል።

ማስተዋል ብቅሉን አየች፣ የተቦጨቀውን ገበር አየች፣ እኔን አየች።

«ስለት?» አለች።

«ልጄ፣ ስለቱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ይሄ አባቴ ስልቻ ሲያደርቅ...»

«ተስለው ነበር እንዴ እምዬ?»

ተስለው! እርስዎ አለችኝ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንቺ የምትለኝ ልጅ! የኛ አገር ሰው ሲቆጣ ይሳደባል ያላችሁ ማን ነው? ሲቆጣ ያከብራል። እንደዚያ ቀን የከበርሁበት ቀን የለም፤ እንደዚያ ቀንም የወደቅሁበት የለም።

«ሆን ብለው አይደለም?»

«በማርያም! በስህተት ነው!»

«ውሃ አይንካው አልሁ። ጥላ ውስጥ ይሰቀል አልሁ። ሌላ አይሥሩ አልሁ።» ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ምነው ድው አድርጋ በዘጋችው ኖሮ።

ዘነቡ ነጠላዋን አጣፍታ «እኔ እንኳ ልሂድ፤ ምስር ጥጄ ነበር» አለች። ምስር አልጣደችም።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ምን ላድርግ? ብቅሉን በቁና ሰፍሬ አወጣሁት። ለማኅበር አይሆንም፤ የሞተር ሽታ ያለው ጠላ ማን ይጠጣል? ለዘነቡ በግ ሰጠሁት፤ በጉ ሳይጠይቅ በላ። ከዚያ ጃኬቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሥሩን ከገበሩ አንድ በአንድ በመርፌ መልቀም ጀመርሁ። ሺህ ሥር ነው። እየለቀምሁ ራሴን ጠየቅሁት። አንቺ ሴትዮ፣ በእውነት በስህተት ነው? አዎ፣ በስህተት ነው። ሲበላሽ አዘንሽ? አዘንሁ። አዝነሽ ብቻ ነው? እዚህ ላይ መርፌው ቆመ።

ጓንቱን የሚያነሣ እጅ አየሁ። ማስተዋል አጠገቤ በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። ካንዷ ጣት ሽምብራ በወስፌ እየቆፈረች ማውጣት ጀመረች። ለከብት መርፌ የለመደ እጅ ነው፤ ይችልበታል።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች ቀና ሳትል። «አልቆጣም። ሲበላሽ ደስ አለሽ?»

አንቺ ተባልሁ። ግን ገና ምሕረት አላገኘሁም።

«ሲበላሽስ ደንግጫለሁ» አልሁ። «ሰኞ አትሄድም ብዬ ሳስብ ግን... ልቤ አንድ ጊዜ አረፍ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይሄን ብደብቅሽ እንደ ሽምብራው ያብጥብኛል።»

ሦስት ሽምብራ አወጣች።

«ባለፈው እሑድ ጭቃ ላይ ለምን የተኛሁ ይመስልሻል?» አለች። «ሞተሩ ጥሎኝ አይደለም። አንዲት ባል የሞተባት ሴት ላሟ ምጥ ይዟት መውለድ አቅቷት ነበር። ያለቻት ላም አንድ ናት። ጥጃው ዞሮ መጥቶባት ኖሮ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰድጄ ነው ያቃናሁት። እሱን ቆመሽ አትሠሪውም። በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ በእግር ብሄድ የላሟን ሬሳ ነበር የማገኘው።»

«ዳነች?»

«እሷም ጥጃዋም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«እልልል! ታዲያ ይህን የመሰለ ወሬ እንዴት ሳምንት ሙሉ ሳትነግሪኝ?»

«ሞተር ካልሁ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። የሞተሩ ወሬና የላሟ ወሬ አንድ ነው፤ እንዴት ለይቼ ልንገርሽ?»

እንዲህ ስትለኝ ከስለቱ ይልቅ ያ ግድግዳ አሳፈረኝ። ስንት ላም፣ ስንት ጥጃ በጀርባዬ በኩል እንዳለፈ እግዜር ይወቀው።

ከዚያማ ሁለታችንም ተያያዝነው። እሷ ሽምብራ፣ እኔ ሥር። ገበሩን ጠቀምሁት፤ በዚህስ እጄ አይታማም። ቆዳው እንደ ቅርፊት ደርቆ ስለነበር ያስቀመጥሁትን ቅቤ አወጣሁ። ዘነቡ ወሬ ሊያመልጣት ነው ብላ ተመልሳ ብቅ ስትል «በፍልሰታ ቅቤ?» ብላ አማተበች። ማስተዋል «ጃኬት አይጾምም እትየ ዘነቡ፤ ይልቅ ጫማዎን ያውልቁና ይርገጡ» አለቻት። ዘነቡም ረገጠች። ሦስታችን ተያይዘን ጃኬቱንና ሱሪውን ስንረግጥ ዋልን፤ ሲመሽ ቆዳው ለፋ፣ እንደ ድሮው ተለሳለሰ። እንዲያውም ትንሽ አልፎ ተለሳለሰ። ማስተዋል ብትለብሰው ሁለት ማስተዋል ይይዛል። ገብሱ አብጦ ወጥሮታል፤ እንደ ዘመድ ለቅሶ ቤት ሰፊ ሆኗል።

«ሹራብ ደርቤ እለብሰዋለሁ፤ ለጮቄ ተራራ ብርድም ይሻላል» አለች። በደግነቷ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ቀረኝ። «ነገ ጊዮርጊስ ውሰጂኝ። ያን ስለት ማንሣት አለብኝ።»

«ጭቃው እንዴት ያስኬድሻል? ዳገቱንስ?»

«በሞተርሽ ነዋ።»

ወስፌው ከእጇ ወደቀ። ዘነቡ አፏን ይዛ ቀረች።

«ምን ያስደንቃችኋል?» አልሁ። «ሰማዕቱ ፈረሰኛ ነው። ከፈረሰኛ ደጅ ሄጄ ጋላቢ አውርድልኝ ስለው ምን ብሎ ይስማኝ? ከመጀመሪያውም በተሳሳተ ደጅ ነው የጠናሁት። አሁን እንኳ ተቀምጬ ልሂድለት።»

እሑድ ጧት ማስተዋል ያን ሰፊ ጃኬት ለእኔ አለበሰችኝ። ቀሚሴም፣ መቀነቴም፣ ነጠላዬም ውስጡ ገብተው ቦታ ተረፈ። ሄልሜቱን ስታጠልቅልኝ ዓለም ሁሉ ጸጥ አለ። ሞተሩ ላይ ስወጣ በዘነቡ ትከሻ ተደግፌ ነው፤ ወገቧን ስይዛት ማስተዋል «እምዬ፣ መተንፈስ አለብኝ» አለች። ሞተሩ አጓራ። ፊቴን የማዞርበት ግድግዳ አልነበረም፤ ያለው የልጄ ጀርባ ነው፣ እሱን ታቀፍሁ።

መንገዱን እንዴት እንደሄድነው አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ ስደግም ነበር። «ዕለት ዕለት» ላይ ስደርስ አንድ ዓይኔን ገለጥሁ። የባቄላው እርሻ አብቦ ሽታው በሄልሜቱ ሥር ይገባል። አንድ ገበሬ ከማሳው ቀና ብሎ እጁን ለማስተዋል አወጣላት፤ «ዶክተር! ጊደሯ በላች!» ብሎ ጮኸ። እሷም በሞተሯ ጡሩምባ መለሰችለት። ሁለተኛውንም ዓይኔን ገለጥሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ስንደርስ አወረደችኝ። ጃኬቱን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሩን ተሳልሜ ተጠጋሁ። ረጅም ጊዜ ቆሜ የልቤን ነገርሁት። ስመለስ ማስተዋል ሞተሩን ተደግፋ ትጠብቀኛለች።

«አነሣሽው?»

«አነሣሁት።»

«ጥላውስ ቀረ?»

«ጥላ እንዴት ይቀራል? ለእሱ የተነገረ ነገር ነው። አሳቡን ቀየርሁት እንጂ። ልጄን በወጣችበት ሁሉ በደህና መልስልኝ አልሁት።»

ሄልሜቱን ሊያጠልቅልኝ የተዘረጋ እጇ ትንሽ ቆመ። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ሁሉም ነገር እርጥብ ነው።

«እኔን ብቻ?» አለች።

«ዛሬስ እኔንም ጨምሬአለሁ» አልኋት። «መመለሻው ቁልቁለት አይደል?»